የጤና ቀን በመስጂድ ግቢ፦ ከተለኩ በኋላስ?



በየመስጂዱ ግቢ ድንኳን ተተክሎ፣ ነጭ ጋዋን የለበሱ ወጣት የጤና ባለሙያዎች ጠረጴዛ ዘርግተው የጀመዓውን ደም ግፊትና ስኳር በነፃ ሲለኩ ማየት እየተለመደ መጥቷል። አንዳንዶቻችን ከሶላት ወጥተን ጫማችንን እየፈለግን ሳለ «አባባ፣ ይምጡ ይለኩ» ሲሉን «እኔ ደህና ነኝ፣ ምን ሆኜ?» ብለን እናልፋለን። ሌሎቻችን ደግሞ ተለክተን፣ በቁራጭ ወረቀት ላይ ሁለት ቁጥር ተጽፎልን፣ ወረቀቱን ከኪሳችን ሳናወጣ ልብሱ ይታጠባል። በዚህ እትም እንዲህ ያለው የጤና ቀን ወይም የጤና አውደ ርዕይ ምን እንደሚጠቅም፣ ምን እንደማይጠቅም፣ እርስዎም ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ምን ማወቅና ምን መጠየቅ እንደሚገባዎት ኢንሻአላህ እንመለከታለን።

ምንም ያላመመው ሰው ለምን ይለካል?

ብዙ ሰው ደም ግፊት ካለበት ራሱን እንደሚያመው፣ ፊቱ እንደሚቀላ ወይም እንደሚያዞረው ያስባል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ደም ግፊት በአብዛኛው ለዓመታት ምንም ምልክት ሳያሳይ በውስጥ ይቆያል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የአንጎልን፣ የልብን፣ የኩላሊትንና የዓይንን ጥቃቅን የደም ሥሮች ቀስ በቀስ ይጎዳል። ትናንት አብሮን ሲሰግድ የነበረ ሰው ዛሬ ግማሽ አካሉ ሳይታዘዝለት ሲቀር «በድንገት መታው» እንላለን፤ ነገሩ ግን ለብዙ ዓመት ሲብላላ የቆየ ሊሆን ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መረጃ በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ዓመት የሆኑ 1.28 ቢሊዮን ሰዎች ደም ግፊት እንዳለባቸው፣ ከእነዚህም ውስጥ ከመቶ 46ቱ እንዳለባቸው እንደማያውቁ ገልጿል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑት ሰዎች ከመቶ 16 ያህሉ ከፍ ያለ ደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። በጁሙዓ ሰፍ ላይ ቆመው ግራና ቀኝ ቢመለከቱ ይህ ቁጥር ስንት ሰው ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ሰዎችን ከጤና ተቋም ውጭ መለካት የሚያዋጣ መሆኑን ካሳዩት ሥራዎች አንዱ ዓለም አቀፉ የደም ግፊት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 የጀመረው የግንቦት ወር የልኬት ዘመቻ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በ80 አገሮች በጎ ፈቃደኞች 1.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ለክተዋል። ምንም መድኃኒት ከማይወስዱት መካከል ከመቶ 17ቱ ያህል ደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። ሐኪም ዘንድ ቢሄዱ ኖሮ ሊታወቅላቸው የሚችል ነበር፤ ሳያማቸው ግን ለምን ይሄዳሉ? ስለዚህ ባለሙያው ሰው ወዳለበት ይሄዳል። በእኛ ማኅበረሰብ ደግሞ ሰው በብዛት፣ በየሳምንቱ፣ ሳይጠራ የሚሰበሰብበት ቦታ መስጂድ ነው።

ለክቶ መሸኘት ብቻውን አያድንም

እዚህ ላይ ግን ብዙ የጤና ቀን አዘጋጆች መስማት የማይወዱትን ነገር መናገር ግድ ይላል። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ዓለም አቀፍ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምገማ ከ250,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች መርምሮ፣ ጤነኛ ነኝ የሚልን ሰው ሁሉ ጠርቶ አጠቃላይ ምርመራ ማድረግ ብቻውን የሞትን ቁጥር እንዳልቀነሰ ደምድሟል። እርግጥ ነው፣ ጥናቶቹ በአብዛኛው የተካሄዱት ሰዎች ሐኪም በቀላሉ በሚያገኙባቸው ሀብታም አገሮች ነው፤ ጭራሽ ተለክቶ የማያውቅ ሰው በሚበዛበት አገር ሁኔታው ሊለይ ይችላል። ቢሆንም ነጥቡ ለእኛም ይሠራል። ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት መድኃኒት አይደለም።

ታዲያ ምን ያድናል? ለዚህ ጥሩ መልስ የሚሰጠን በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ከተማ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ነው። ጥናቱ የተደረገው በሆስፒታል ሳይሆን በፀጉር ቤቶች ነበር። በ52 ፀጉር ቤቶች የሚስተካከሉ፣ ደም ግፊታቸው ከፍ ያለ 319 ጥቁር አሜሪካውያን ወንዶች ተመረጡ። በአንዱ ወገን ባሉት ፀጉር ቤቶች አስተካካዩ ደንበኛውን ይመክራል፤ አመጋገብህን አስተካክል፣ ሐኪም ዘንድ ሂድ ይለዋል። በሌላኛው ወገን ደግሞ የሠለጠነ ፋርማሲስት እዚያው ፀጉር ቤቱ ድረስ እየመጣ፣ ከሐኪሞች ጋር በተደረገ ስምምነት መድኃኒት ያዛል፣ ይከታተላል፣ መጠኑን ያስተካክላል። ከስድስት ወር በኋላ ምክር ብቻ ባገኙት ዘንድ የላይኛው የደም ግፊት ቁጥር በአማካይ በ9 ቀነሰ። ክትትልና መድኃኒት ባገኙት ግን በ27 ቀነሰ!

ልዩነቱን ልብ ይበሉ። ሁለቱም ወገን ሰው በሚያምነው ቦታ፣ በሚያምነው ሰው ተነግሮታል። ምክሩም ከንቱ አልነበረም። ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ከምክሩ በኋላ የመጣው ክትትል ነው። ፀጉር ቤቱን በመስጂድ፣ አስተካካዩን በኢማም ወይም በጀመዓው ውስጥ ባለ ነርስ ቢተኩት ትምህርቱ ወደ እኛ ይመጣል።

ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ

በግርግር ውስጥ የሚወሰድ ልኬት ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። ደረጃ ወጥተው፣ ተጋፍተው፣ ሰው ሰላም እያሉ መጥተው ወዲያው ቢለኩ ቁጥሩ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ከመለካትዎ በፊት ቢያንስ አምስት ደቂቃ በፀጥታ ይቀመጡ። በነበረው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ቡና ጠጥተው ወይም ሲጋራ አጭሰው ከሆነ ለባለሙያው ይንገሩ። ጫት የቃሙ ከሆነም አይደብቁ፤ ጫት የልብ ምትንና ደም ግፊትን ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል። ባለሙያው የሚጠይቅዎት ሊፈርድብዎ ሳይሆን ቁጥሩን በትክክል ሊያነብልዎ ነው። ሽንትዎ ከያዘዎ አስቀድመው ይውጡ፤ የሞላ ፊኛ ብቻውን ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ጀርባዎ ወንበሩን ይደገፍ። እግሮችዎ ሳይጣመሩ መሬት ይርገጡ። ክንድዎ በልብዎ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ እንጂ አይንጠልጠል። የመለኪያው ጨርቅ በጃኬት ወይም በሹራብ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ ይታሰር። ክንዳቸው ወፍራም ለሆኑ ሰዎች ሰፋ ያለ ጨርቅ ያስፈልጋል፤ ጠባቡ ቁጥሩን ያለአግባብ ከፍ አድርጎ ያሳያል። ሲለኩም አይናገሩ። ይህ የመጨረሻው ለእኛ ከባድ ነው! ጎረቤት ሰላም ሲለን ዝም ማለት ነውር ስለሚመስለን። አስቀድመው በፈገግታ ራስዎን ነቅነቅ ማድረግ ይበቃል።

የመጀመሪያው ልኬት ከፍ ካለ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ እንዲደገምልዎ ይጠይቁ። መጠየቅ መብትዎ ነው።

ቁጥሮቹስ ምን ማለት ናቸው? የላይኛው ልብ ስትጨመቅ፣ የታችኛው ልብ ስታርፍ በደም ሥር ውስጥ ያለውን ግፊት ያሳያሉ። ለአዋቂ ሰው የላይኛው 140 እና ከዚያ በላይ ወይም የታችኛው 90 እና ከዚያ በላይ ሆኖ፣ በሌላ ቀን ተለክቶም ከተደገመ ደም ግፊት አለ ይባላል። በአንድ ቀን ልኬት ብቻ «ደም ግፊት አለብህ» ብሎ መደምደምም ሆነ «የለብህም» ብሎ ማሰናበት ትክክል አይደለም። ልዩ የሚሆነው ቁጥሩ 180 በ120 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ከዚህ ጋር የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ብዥታ፣ የአካል መስነፍ ወይም የንግግር መተሳሰር ካለ ነገ አይባልም፤ ከዚያው ከድንኳኑ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ከጣት ጫፍ የሚወሰድ ጠብታ

ለስኳር ምርመራ የሚመቸው ጊዜ ማለዳ፣ ምንም ሳይበላ ነው። በዚህ ረገድ መስጂድ ሌላ ቦታ የሌለው ዕድል አለው። እሑድ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ቁርስ ያልቀመሰ ጀመዓ ተሰብስቦ ይገኛል! ቢያንስ ለስምንት ሰዓት ሳይበሉ የተለካ ስኳር ከ100 ሚሊግራም በታች ከሆነ ጤናማ ነው። 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታን ስለሚያመለክት በጤና ተቋም በላቦራቶሪ መረጋገጥ አለበት። በመካከል ያለው ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ክብደትን በመቀነስና በየቀኑ በመራመድ ወደ በሽታው መሸጋገርን መከላከል የሚቻለው በዚህ ጊዜ ነው። ከምግብ በኋላ ተለክተው 200 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በተለይ ውኃ ጥም፣ ሽንት መመላለስና ያለምክንያት መክሳት ካለ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ይታዩ።

አንድ ነገር በዓይንዎ ያረጋግጡ። ጣትዎን የሚወጋው መርፌ በፊትዎ ከማሸጊያው የሚወጣ፣ ለእርስዎ ብቻ የሚሆንና ወዲያው ወደ ቆሻሻ መርፌ መጣያው ሣጥን የሚገባ መሆን አለበት። እንደ እስክሪብቶ ያለውን መውጊያ ለብዙ ሰው እያፈራረቁ መጠቀም የጉበት በሽታ ቫይረስን ከሰው ወደ ሰው ሊያስተላልፍ ይችላል። ጓንትም ከሰው ሰው መቀየር አለበት። ይህን የማያሟላ አዘጋጅ ስኳር ባይለካ ይሻላል። በነፃ የሚሰጥ ነገር ሁሉ ጥሩ አይደለም።

በእጅ ነክቶ መማር

ጥሩ የጤና አውደ ርዕይ ከምርመራ ጠረጴዛው ይልቅ ሰው የሚሰበሰብበት ሌላ ጠረጴዛ አለው። በድምፅ ማጉያ ለአንድ ሰዓት ስለ ስኳር ቢነገረን ተቀምጠን እንሰማለን፤ ቤት ስንደርስ ግን ከሻይ ስኳሩን አንቀንስም። ነገር ግን አንድ ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ ቀርቦ፣ ከልጆቹ አንዱ «በውስጡ ያለውን ስኳር በማንኪያ ቁጠር» ሲባል ነገሩ ይለወጣል። አንድ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የተለመደ ጣፋጭ ለስላሳ 30 ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ስኳር አለው፤ ይህም ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ነው። ልጁ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ በብርጭቆ ሲከምር እናቶች «ኧረ በአላህ!» ማለት የሚጀምሩት አምስተኛው ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከሚመክረው የተጨመረ ስኳር ቢቻል ከ25 ግራም እንዳይበልጥ ነው። አንዱ ጠርሙስ ብቻውን አልፎታል። በአፍጥር ማዕድ ላይ ከለስላሳው ሌላ ጣፋጭ ሻይ፣ በስኳር የተመታ አብሽና ጁስ መኖሩን አንርሳ።

የጨውም ጠረጴዛ እንዲሁ ነው። በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም ከ5 ግራም በታች ይመከራል። ይህ ደግሞ ወጥ ላይ የምንነሰንሰውን ብቻ ሳይሆን በርበሬው ሲዘጋጅ የገባውን፣ በሚጥሚጣው፣ በዳቦውና በታሸገው የሾርባ ቅመም ውስጥ ያለውንም ይጨምራል። አንዲት እናት ለቤተሰቧ በቀን የምትጠቀመውን ጨው በግምት በሳህን ላይ እንድታፈስ ተደርጎ ለቤተሰቡ ቁጥር ቢካፈል፣ ከማንኛውም ንግግር የበለጠ ያስተምራል።

ለወጣት እናቶች ደግሞ የኦ.አር.ኤስ. ጠረጴዛ ይዘጋጅ። የታሸገው ዱቄት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ እንዴት እንደሚበጠበጥ በራሳቸው እጅ ይሥሩት። የታሸገው ባይገኝ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። «ልሙጥ» የሚለውን በአፍ መናገር አይበቃም። ማንኪያው ሲከመርና በቢላ ጠርዝ ሲስተካከል ያለውን ልዩነት ማየት ያስፈልጋል፤ ጨው የበዛበት ውኃ ሕፃኑን ሊጎዳ ይችላልና። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን አብሮ መሰጠት እንዳለበትም ባለሙያው ያስታውስ።

የመድረሳ ልጆችን ደግሞ የስትሮክን ምልክት በትወና ማስተማር ይቻላል። አንዱ አያት ይሆናል። ሲስቅ ፊቱ ወደ አንድ ወገን ይጣመማል፣ ሁለት እጁን ሲያነሳ አንዱ ይወርድበታል፣ ንግግሩ ይተሳሰራል። ሌላው ልጅ ሰዓቱን አይቶ ይመዘግብና ወደ ሆስፒታል ይደውላል። በእውነተኛው ቀን ቤት ውስጥ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ልጁ ነው። «ይተኛና ይለቀው ይሆናል» የሚለው ውሳኔ በሰዓታት ውስጥ ሊመለስ የማይችል ጉዳት ያስከትላል።

ረጀብ ላይ ቢሆን ይመረጣል

ለጤና ቀን የትኛው ወር ይሻላል ብትሉኝ ረጀብ እላለሁ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከሌሎች ጋር ያዘጋጀው የረመዳን መመሪያ የስኳር ሕመምተኛ ጾሙ ከመግባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀደም ብሎ ሐኪሙን እንዲያገኝ ይመክራል። ሻዕባን አራት ሳምንት ስለሆነ ይህ ጊዜ በረጀብ ይውላል። የሻዕባን መጨረሻ ላይ የሚደረግ የጤና ቀን ለዚህ ዘግይቷል፤ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ሳይደርስ ጨረቃ ትታያለች።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በ13 አገሮች 12,243 የስኳር ሕመም ያለባቸውን ሙስሊሞች ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ሰፊ ጥናት እንዳሳየው ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ካለባቸው ከመቶ 79ኙ በረመዳን ቢያንስ 15 ቀን ጾመዋል። በእነዚሁ ሁለተኛው ዓይነት ባለባቸው ዘንድ ሆስፒታል የሚያስገባ ከባድ የስኳር መውረድ ከሌላው ጊዜ 7.5 እጥፍ፣ በመጀመሪያው ዓይነት ደግሞ 4.7 እጥፍ ሆኖ ታይቷል። እንግዲህ ሰዉ ሐኪም ፈቀደም አልፈቀደም የሚጾም ከሆነ፣ ጥያቄው ሳይታመም እንዴት ይጾማል፣ የትኛውስ ሰው ሩኽሳውን መውሰድ ይገባዋል የሚለው ነው።

ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ስኳርን በኃይል የሚያወርድ ኪኒን የሚወስዱ ሰዎች ይበልጥ መጠንቀቅ አለባቸው። የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ሐኪሙ ያስተካክላል፤ ራስዎ የጧቱን ወደ ማታ አዙረው፣ ወይም ሁለቱን አንድ ላይ አድርገው አይውሰዱ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ለደም ግፊት ሽንት የሚያበዛ ኪኒን የሚወስዱም እንዲሁ ይጠይቁ።

በጾም ጊዜ ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙን መፍታት እንደሚገባ መመሪያው ያስቀምጣል። ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ በፍጥነት መምታትና ግራ መጋባት የስኳር መውረድ ምልክቶች ናቸው። መግሪብ አሥር ደቂቃ ቀረው ብሎ መጠበቅ አደጋ ነው። «ጣቴን ብወጋ ጾሜ ይበላሻል» የሚል ስጋት ያላቸው ወገኖችም አሉ። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 በጅዳ ባደረገው ጉባኤ ለላቦራቶሪ ምርመራ የሚወሰድ ደም ጾምን እንደማያፈርስ ወስኗል። ይህን አንድ ነገር ኢማሙ በኹጥባ ቢያነሱት ሐኪሙ አሥር ጊዜ ከሚናገረው ይበልጥ ይሰማል። ሩኽሳውንና የቀዷውን ነገር ደግሞ ዑለማዎችን ይጠይቁ፤ የዚህ አምድ ሥራ አይደለም።

ለመስጂድ ኮሚቴዎች

መጀመሪያ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይወቅ። ከዚያም አንድ ጤና ጣቢያ ይመረጥና ከድንኳኑ የሚላኩትን ሰዎች በየትኛው ቀን፣ የትኛው ክፍል እንደሚቀበል አስቀድሞ ይነጋገሩ። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ባለሙያዎች አሉት፤ እህቶቻችን ቤት ለቤት ስለሚሄዱ ማን ቤት ማን እንደታመመ ከኮሚቴው ይበልጥ ያውቃሉ። አለመጋበዝ ትልቅ ኪሳራ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ምዝገባ ባለበት ወረዳም የምዝገባ ጠረጴዛ ይኑር። የደም ግፊት መድኃኒት የዕድሜ ልክ ወጪ ነውና፣ ሰው ወረቀቱን ይዞ የማይሄደው ብዙ ጊዜ ገንዘቡን ፈርቶ ነው።

የሴቶች ክፍል የተለየ፣ በመጋረጃ የተከለለና በሴት ባለሙያዎች የሚመራ ይሁን። ክንድ ተገልጦ መለካት አለበት ብለናል፤ ክፍሉ ካልተዘጋጀ እህቶች ወይ አይመጡም፣ ወይ በልብስ ላይ ተለክተው የተሳሳተ ቁጥር ይዘው ይሄዳሉ። በዚሁ ክፍል ስለ ማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ መነጋገር ይቻላል። ለልጃገረዶች የሚሰጠው የኤች.ፒ.ቪ. ክትባት በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሩን ያልሰሙ፣ የሰሙትም በወሬ የተደናገሩ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ጥያቄያቸውን ከወንዶች ፊት አያነሱትም።

የማንም ቁጥር ጮክ ተብሎ አይነበብ። «ሐጂ፣ ስኳርዎ ሦስት መቶ ገባ!» የተባለ ሰው በሚቀጥለው ዓመት አይመጣም፤ ወሬውም ዕድር ድረስ ይዘልቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ሰው የሚደብቀው ግን አንዳንዴ እኛ ስለምናስደብቀው ነው።

በግቢው ውስጥ «ደም የሚያጠራ»፣ «ስኳርን ከሥሩ የሚነቅል» እያሉ ዱቄትና ዘይት የሚሸጡ ሰዎች ጠረጴዛ እንዳይዘረጉ። ጥቁር አዝሙድን፣ ማርንም ሆነ ሽፈራውን የሚወስድ ይውሰድ፤ ለሐኪሙ ግን ይንገር፣ የታዘዘለትን ኪኒንም አያቁም። «ነጭ ሽንኩርት በልቼ ወረደልኝ» ብለው መድኃኒት አቁመው አንድ ወገናቸው የማይታዘዝላቸው ሰዎች በየሰፈሩ አሉ። እንዲሁም ለሁለት ሳምንት የሚሆን ኪኒን በሰደቃ አድሎ መበተን መልካም ቢመስልም አይጠቅምም፤ ሰውየው ሲያልቅበት ያቆመዋል። በዚያ ገንዘብ አቅም ለሌላቸው አሥር ሰዎች የዓመት የጤና መድኅን መዋጮ ቢከፈል ይሻላል እላለሁ።

በመጨረሻም መዝገቡ። ቁጥሩ ከፍ ያለ ሰው ሁሉ ፈቃዱ ተጠይቆ ስሙና ስልኩ በአንድ ደብተር ይያዝ፤ ደብተሩም ከኮሚቴው አባላት ሁሉ እጅ ሳይሆን በጀመዓው ካሉ የጤና ባለሙያዎች በአንዱ ዘንድ ብቻ ይቀመጥ። ለተለካው ሰው የሚሰጠው ወረቀት ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የሚሄድበትን ጤና ጣቢያ፣ ቀኑንና የሚጠይቀውን ክፍል ይያዝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደወልለት፦ «ሄዱ ወይ? ምን አሉዎት? መድኃኒቱን አገኙት?» ካልሄደ ለምን እንደቀረ ይጠየቅ፤ ገንዘብ ይሁን፣ ፍርሃት ይሁን፣ የሚያደርሰው ሰው ማጣት ይሁን። ከሦስት ወር በኋላ ከጁሙዓ በፊት አንድ ነርስና አንድ መለኪያ ብቻ ይዞ እነዚያኑ ሰዎች መልሶ መለካት ይቻላል፤ ለዚህ ድንኳንም ድምፅ ማጉያም አያስፈልግም። ኮሚቴው ለጀመዓው ሪፖርት ሲያቀርብም «600 ሰው ለካን» ከማለት ይልቅ ከፍ ካለባቸው ውስጥ ስንቱ ሕክምና እንደጀመረና ስንቱ በሦስተኛው ወር ከ140 በታች እንደወረደለት ይንገር።